በጨለማው ወራት የማትቀር መርከብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ስለ ጉዟችን እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁት ዘንድሮ ገናን አክብረን በማግስቱ ሦስት የማኅበራችን አባላት በሁርቲግሩተን መርከብ ከበርገን እስከ ሺርከነስ ሄደናል። «ሰው በዚህ ብርድ ወደ ሙቀት ይሸሻል፤ እናንተ ወደባሰው ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ የሳቃችሁብንን አንረሳም። ስለ መርከቧ ከነገርኳችሁ በኋላ ዛሬ ውሳኔ ስለሚሰጥበት የብርድ ወራት ጉብኝታችን የበኩሌን እላለሁ።

ይህ መስመር ለሽርሽር ብቻ የተሠራ አይደለም። መርከቧ በ34 ወደቦች እየቆመች ሰውም ዕቃም ታመላልሳለች፤ ደርሶ መልሱ 12 ቀን ይፈጃል። በአንዳንዱ ወደብ የምትቆመው ለሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ ያውም በእኩለ ሌሊት። በአራተኛው ቀን የአርክቲክን ክበብ አለፍን። ትሮምሶ ላይ ፀሐይ ለሰባት ሳምንት ያህል አትወጣም፤ ቀትር ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊ ይሆንና መልሶ ይጨልማል። ባሕሩ ግን ከአትላንቲክ በሚመጣው ሞቅ ያለ የውኃ ጅረት የተነሳ በረዶ አይሠራም። አረንጓዴው የሰሜን ብርሃን በሰማይ ላይ ሲዘረጋ ከእኛ አንዷ እልል ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አስደነገጠች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1893 ድረስ ከትሮንድሃይም ወደ ሐመርፌስት የተላከ ደብዳቤ በበጋ ሦስት ሳምንት፣ በብርዱ ወራት ግን እስከ አምስት ወር ይፈጅ ነበር። መንግሥት ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ መርከብ ሲፈልግ ሌሎች ኩባንያዎች በጨለማ አይቻልም አሉ። ካፒቴን ሪቻርድ ቪት ግን ከመሪው ከአንደርሽ ሆልተ ጋር ሆኖ የመርከቧን አቅጣጫ፣ ፍጥነትና ሰዓት በማስታወሻ ሲመዘግብ ቆይቶ ነበርና እሺ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 2 ቀን ቬስተሮለን የተባለችው መርከብ ከትሮንድሃይም ተነሳች። በጨለማ መሄድ የቻለው ዓይኑ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አልነበረም። መንገዱን አስቀድሞ ስለጻፈው ነው።

እህቶቼ፣ ከትሮምሶ በላይ ባለች አንዲት ትንሽ ወደብ አንድ አባላችን ትኖራለች። መርከቧ እስክትነሳ ድረስ ለማየት በሌሊት መጥታ በበረዶ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እንጀራና በርበሬ ሰጠናት፤ ተቃቅፈን አለቀስን። «ፊት ለፊት በአማርኛ ካወራሁ ሦስት ወር ሆነኝ» አለችን። ከዚያ የጠየቀችን ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ጉብኝቱ ከፋሲካ በፊት አለ ወይስ ቀርቷል?» ነው ያለችው። መልስ ሳንሰጣት መርከቧ ጮኸች።

ጉብኝቱ በብርዱ ወራት ይቋረጥ የሚሉ እህቶች ምክንያት አላቸው። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ወጪው ብዙ ነው፣ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በብርሃኑ ወራት ሁላችንም ደጅ ነን፤ ሰው የሚያስፈልገን በራችንን በዘጋንበት ጊዜ ነው። እድር ሐዘን በሌለበት ወር መዋጮ አይተውም፤ ክፉው ቀን ሲመጣ የሚደርሰው ስላልተወ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ጉብኝቱ በየወሩ በታወቀ ቀን ይሁን፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። ሁለተኛ፣ መንገድ ለማይደረስባቸው እህቶች በዚያው ቀን የተወሰነ የስልክ ሰዓት ይያዝላቸው። ሦስተኛ፣ የማን ተራ እንደሆነ ከወዲሁ በመዝገብ ይጻፍ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ መዝገቡን አይታ ትተካት።

ለዚያች እህታችን ነገ ስልክ እደውላለሁ። የምነግራት መልስ በእናንተ እጅ ነው።