የማያመው እግር



መሐንዲስ ድልድይን የሚጠብቀው ስንጥቁን ቀድሞ በማየት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግርም እንዲሁ ጠባቂ ይሻል፤ ሕመም የተባለው የማስጠንቀቂያ ደወል ተቋርጦበታልና። በደም ውስጥ ለዓመታት የበዛ ስኳር የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ፥ በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ብትቆረቁረው ባለቤቱ አያውቅም።

በሕንድ፥ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮም በአሜሪካ በካርቪል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከሙት ዶክተር ፖል ብራንድ እንዳስተማሩት፥ የደነዘዘን እግር የሚያቆስለው ከባድ ምት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሥፍራ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ቀላል ጫናም ነው። ብረትን የሚያደክመው ድግግሞሽ (ለዚህ ጉባኤ አዲስ ነገር አይደለም) ሥጋንም አይምርም።

ታዲያ የሕመምተኛው ዕውቀት ምንድር ነው? «አያመኝም» ማለት «ደኅና ነኝ» ማለት አለመሆኑን መረዳት ነው። ብዙዎች ግን ቁስሉ ስላላመማቸው እስኪመረቅዝ ይራመዱበታል፤ መጨረሻውም እግርን መቆረጥ ይሆናል። የቀዘቀዘ እግራቸውን ወደ ከሰል ምድጃ ያስጠጋሉ፤ የመታጠቢያውን ውሃ ሙቀት በዚያው በደነዘዘ እግር ይለካሉ። ውሃው በክርን ይለካ። ጫማ ከመጠለቁ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰስ። ውስጥ እግር በየማታው በመስተዋት ይታይ፤ ዓይኑ የደከመም ለልጁ ወይም ለባለቤቱ ያሳይ፤ በዚህ ማፈር አይገባም።

በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ የናይለን ክር ሲነካው የማይሰማው እግር ጥበቃውን ያጣ እግር ነው። ክሩ በኪስ የሚያዝ፥ መብራትም የማይሻ መሣሪያ ስለሆነ፥ ለየጤና ጣቢያው ሊዳረስ ይችላል።