«ራሰ»፦ ስለ አንድ ግስ ትርጉምና የሥነ ጽሑፍ አገልግሎት
(በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጉዳይ ከአንዲት ትንሽ ግስ አያልፍም። ግሷም «ራሰ» ናት።

በአማርኛችን ውሃ የነካውን ነገር የምንገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እርጥብ እንጨት ስንል ውሃው የራሱ ነው፤ ገና አልደረቀም ማለታችን ነው። «በሰበሰ» ስንል ዝናብ ያለ ልክ ወረደበት ማለታችን ሲሆን፣ ያው ቃል መሽተትንና መፈራረስንም ያዘለ ነው። «ራሰ» ግን ከውጭ የመጣ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ መዝለቁን ይናገራል። የተጠማ ሰው ጉሮሮው፣ የናፈቀ ሰው አንጀቱ የሚርሰውም ስለዚህ ነው። ልጇን አቅፋ አንጀቴ በሰበሰ ያለች እናት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የቃሉ ሥር በግእዝ «ርሕሰ» ነው፤ በሐመሩ ሐ ይጻፋል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል «ርእስ» «ራስ»፣ «ሐረሰ» ደግሞ «አረሰ» ሆነ። ዝምድና ያልነበራቸው ሦስት ቃላት በአንድ ደጅ ተገናኙ። «ራሱ» ሲባል የሰውየው ራስ ነው ወይስ ልብሶቹ ናቸው የራሱት? «ምድሩን ያርሳል» የተባለውስ ገበሬው በሞፈሩ ነው ወይስ ደመናው በዝናቡ? «አራሽ»ም ለሁለቱም ያገለግላል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሰሙ በሬና ቀንበር፣ ወርቁ ዝናብና ምሕረት ሊሆን ይችላል። ለባለቅኔ ከዚህ የሚበልጥ ሲሳይ ከወዴት ይገኛል?

ይህን ልዩነት የተማርሁት ግን ከመዝገበ ቃላት አይደለም። በአርታኢነት ስሠራ አንድ ወጣት ደራሲ ያመጣውን ታሪክ አነበብሁ። አንዲት እናት ልጇን ቀብራ በዝናብ ስትመለስ፣ ነጠላዋ በስብሶ ከትከሻዋ ላይ ተጣብቋል ይላል። እኔም ቃሉ ሻካራ መስሎኝ «ርሶ» ብዬ አረምሁት። ደራሲው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ‹ራሰ› ውስጥ እኮ መጽናናት አለ፤ እሷ ደግሞ አልተጽናናችም» አለኝ። የወጣትነት ግትርነት መሰለኝና አሰናበትሁት። መጽሐፉም በእኔ እርማት ታተመ።

ከእኔ ዘንድ ባለው ቅጂ ላይ ያንን ቃል በእርሳስ ሰርዤ የእርሱን መልሻለሁ። በሌሎቹ ቅጂዎች ላይ ግን እንደ ታተመ ነው።