ፊደላችን ገብቷል፣ ጳጉሜን ግን ገና ነው
(አፍንጮ በር ላይ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ትልልቅ የሕክምና ማሽኖች አላወራም። ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው የማወራው፤ ኮምፒውተር ላይ ቀን ስለምንሞላባት።

ፕሮግራመሮች መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ የቀን መምረጫውን ከባዶ አይሠሩም። ቱልኪት ከሚባል ዝግጁ የዕቃ ሳጥን ያወጡታል። ከታወቁት አንዱ ጂቲኬ ነው። ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ጊምፕ ለተባለው የሥዕል ማረሚያ ብለው ጀመሩት፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ዓለም ተቀባበለው።

እኛም ደርሶናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ። ጂቲኬ 2 ደግሞ የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያ በውስጡ ይዞ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጂቲኬ 4 ግን መጻፊያው ተነሥቷል፤ ሥራው ለኮምፒውተሩ ሥርዓት ተትቷል።

ትልቁ ክፍተት ቀኑ ላይ ነው። የጂቲኬ የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሌላው ታዋቂ ቱልኪት ኪውት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሌሎች አቆጣጠሮች በር ከፍቶ የፋርሱንና የእስልምናውን አስገብቷል። የእኛ 13ኛ ወር እዚያም የለችም።

«ታዲያ ምን አለበት? ቀይሮ መጻፍ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አንዲት እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ስትጠየቅ «የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት» ትላለች እንበል። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ 9 ወርና 10 ቀን ትደምራላችሁ፣ ጳጉሜን ካለፈ በ10 ፈንታ 5፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን 4። ታኅሣሥ 12 በ5 ቀን ጳጉሜ መስከረም 17 ይሆናል፤ መውለጃዋ ለመስቀል ነው። ሳጥኑ ግን ይህን አይቀበልም። ነርሷ ወረፋው እየጠበቃት በጭንቅላቷ ትለውጣለች። አንድ ሳምንት ስትስት የ36 ሳምንት ፅንስ 37 ይባላል፤ ጊዜው ያልደረሰው እንደደረሰ ይቆጠራል ማለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲኤችአይኤስ2 የእኛን አቆጣጠር ይቀበላል። እሱም ኮዱ ክፍት ነው። ስለዚህ የቀረን ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መሥራት ነው።

እናም ልመናዬ ይህ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራኖቻችን፣ የኢትዮጵያን የቀን መምረጫ የመመረቂያ ፕሮጀክት አድርጋችሁ ስጡልን። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ምን እንደሚያስፈልግ እንጻፍላችሁ፤ ሠርታችሁ ስታመጡ ከነርሶቹ ጋር እንፈትነው። የተሠራው ወደ ዋናው ኮድ ይላክ፤ መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

ፊደላችን የገባው ሰው ስለለፋበት ነው። ጳጉሜንም የሚያስገባት ሰው ነው።