የዐፄ ቴዎድሮስ ባለ መንኮራኩር ታንኳ፦ የሚንቀሳቀስ ሞዴል እንደ ታሪክ መመርመሪያ

በጎንደር ለታሪክና ለምሕንድስና መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳርቻ ሰፍረው ሳለ ከደንገል የታሰረ፣ በግራና በቀኙ መንኮራኩር የተገጠመለት ታላቅ ታንኳ አሠርተው ነበር። መንኮራኩሮቹን የሚያዞራቸው እንፋሎት ሳይሆን የሰው ክንድ ነው። ይህን አይቶ በመጽሐፉ የመዘገበልን ከሆርሙዝድ ራሳም መልእክት ጋር መጥቶ በኋላ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። ብላንክ ነገሩን ፈገግ ብሎ ይተርከዋል፤ ንጉሡ የመንኮራኩር መርከብን ደርሰውበታል፣ የጎደላቸው አንቀሳቃሹ ኃይል ብቻ ነው ይላል። መንኮራኩሮቹ ከውኃው ከፍ ብለው ስለ ነበር፣ ታንኳው እንዲጠልቅ ብዙ ሰው መጫን ያስፈልግ እንደ ነበረም ይነግረናል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁለት ዓይነት ስሜት ያድርብናል። አንዳንዱ በብላንክ ፈገግታ ይስማማና የደንገል ታንኳን ከእንፋሎት መርከብ ጋር ማወዳደር የሕልም ሥራ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ንጉሡ ከዘመናቸው ቀድመው ነበር፣ ያጡት ሞተሩን ብቻ ነው ብሎ ይቆጫል። ሁለቱም ወገኖች ሳያስተውሉት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጉድለቱ የእንፋሎት ኃይል ነው ብለው ያምናሉ። የዛሬው ንግግሬ ይህን የጋራ እምነት የሚመለከት ነው። የታንኳውን የሚንቀሳቀስ ሞዴል በትክክለኛ ስኬል ብንሠራ ጥያቄው ራሱ እንደሚለወጥ ለማሳየት እሞክራለሁ። በመጀመሪያ ስለ ስኬል ሕግ፣ ቀጥሎ ስለ ታንኳው ተንሳፋፊነት፣ ከዚያ ስለ አሠራሩ እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ለእኛ ለጎንደሬዎች ምን ትርጉም እንዳለው አነሳለሁ።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሞዴል መልክን ያሳያል፤ ከተሳሳተም ማንም አያውቅበትም። በውኃ ላይ የሚሄድ ሞዴል ግን ስሕተቱን ይናገራል፤ ያዘነብላል፣ ይቆማል፣ ይሰምጣል። ይሁን እንጂ ትንሹ ስለ ትልቁ እንዲመሰክር ሁሉን ነገር በአንድ ቁጥር ማካፈል አይበቃም። ይህን ያስተማረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው። የሚገርመው፣ ፍሩድ የመርከብ ቅርጾችን በትንንሽ ሞዴሎች የፈተነው ታንኳው በጣና ላይ በተሞከረበት በዚያው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1872 ደግሞ ቶርኪ በተባለች ከተማ ሞዴል እየተጎተተ የሚፈተንበትን ረጅም የውኃ ገንዳ ሥራ ላይ አዋለ። ፍሩድ እንዳሳየው፣ የሞዴሉና የመርከቡ ማዕበል እንዲመሳሰል ፍጥነት የሚቀንሰው በርዝመት ልክ ሳይሆን በርዝመት ካሬ ሥር ልክ ነው።

ለስሌት ያህል 16 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው ታንኳ እንውሰድ። ብላንክ ሐኪም እንጂ የመርከብ መሐንዲስ ስላልነበረ፣ ሞዴል ሠሪው በአንድ ልክ ሳይወሰን በተለያዩ ልኮች መሞከር ይኖርበታል። ስኬሉ አንድ ለ16 ቢሆን ሞዴሉ 1 ሜትር ርዝመትና 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ፍጥነቱ በ4 ይካፈላል፤ ታላቁ ታንኳ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢሄድ ሞዴሉ 25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ክብደት በ4,096 ይካፈላል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሞዴሉ ላይ 15 ግራም ገደማ የምትመዝን የሸክላ እንክብል ትሆናለች። ኃይል ደግሞ በ16,384 ይካፈላል። ሞዴሉን ከዚህ እጅግ ማሳነስ አይበጅም፤ መጠኑ ሲያንስ የውኃ ገጽ ውጥረት በታላቁ ታንኳ ላይ የሌለውን ጉልበት ያገኝና ውጤቱን ያዛባል።

አሁን ወደ ብላንክ ምስክርነት እንመለስ። ብዙ ሰው መጫን ለምን አስፈለገ? ደንገል ውስጡ አየር የሞላበት ቀላል ተክል ነው፤ ጥቅጥቅ ተደርጎ ሲታሰር ውኃው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ታንኳው ውኃውን የሚነካበት ስፋት 50 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ይህን ታንኳ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ለማድረግ 5 ሜትር ኩብ ውኃ መግፋት፣ ማለትም 5,000 ኪሎ መጫን ያስፈልጋል። ይህም 83 ሰው ነው! በሞዴሉ ላይ ያው ነገር 6 ሚሊ ሜትር ዝቅታና 1.2 ኪሎ ሸክም ይሆናል፤ ማንኛውም ተማሪ በኩሽና ሚዛን ሊያረጋግጠው ይችላል። እንግዲህ የሰዎቹ መብዛት የንጉሥ ትዕቢት ወይም የታዛዦች ግርግር አልነበረም። ሰፊና ቀላል አካል ከከፍተኛ መንኮራኩር ጋር ሲጣመር የሚጠይቀው ዋጋ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ደንገል ውኃ ይጠጣል። የጣና ታንከኞች ታንኳቸውን ከሐይቁ እያወጡ በፀሐይ የሚያደርቁት ስለዚህ ነው። ጠዋት መንኮራኩሩ እንዲጠልቅ ሰው የተጫነበት ታንኳ፣ ውኃ እየጠጣ በሄደ ቁጥር በራሱ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ መንኮራኩሩ ከልክ በላይ ይጠልቅና ውኃውን ወደ ኋላ በመግፋት ፈንታ ወደ ላይ ያነሣው ጀምራል። መንኮራኩር የሚሠራው በተወሰነ ጥልቀት ብቻ ነውና። ይህ የጣና ብቻ ችግር አልነበረም። ውቅያኖስ የሚያቋርጡ የዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል ሞልተው ሲነሡ መንኮራኩራቸው ከመጠን በላይ ይጠልቅ፣ ከሰሉን አንድደው ሲደርሱ ደግሞ ከመጠን በላይ ከፍ ይል ነበር። መርከቡ ወደ ጎን ሲያዘነብልም አንዱ መንኮራኩር ይሰምጣል፣ ሌላው አየር ይቀዝፋል። በውቅያኖስ ላይ መንኮራኩር ቦታውን ለፕሮፔለር ከለቀቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ወደ አሠራሩ ልለፍ። የእኔ ሐሳብ አንድ ሳይሆን ሁለት ሞዴል እንዲሠራ ነው። የመጀመሪያው አንድ ለ16 ሆኖ ከዋንዛ እንጨት ይቀረጻል፤ ውኃ እንዳይጠጣ ይቀባል። እንጨት የመረጥሁት የውኃውን ጠባይ ከደንገሉ ጠባይ ለይተን እንድናጠና ነው። ዘንጉ ከናስ፣ የመንኮራኩሩ ሰሌዳዎች ከስስ ጣውላ ይሠራሉ፤ ዘንጉ ከፍና ዝቅ ሊል በሚችል መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄያችን ስለ ጥልቀት ነው። ሁለተኛው ሞዴል አንድ ለ4 ሆኖ ከእውነተኛ ደንገል ይታሰራል። ትንሹን ሞዴል ከስንደዶ ወይም ከአክርማ ብናስር መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ቀጭን እስር ከወፍራም እስር ይልቅ ቶሎ ስለሚርስ ስለ ታላቁ ታንኳ በሐሰት ይመሰክራል።

ኃይሉንስ እንዴት እንለካ? አንድ ሰው ሳይታክት ለረጅም ጊዜ 75 ዋት ያህል መስጠት ይችላል። 20 ሰዎች እጀታውን ቢይዙ 1,500 ዋት ይሆናል፤ በስኬላችን ከ0.1 ዋት ያነሰ ማለት ነው። ለዚህ ባትሪና ሞተር አያስፈልግም። መንኮራኩሩን በገንዳ ላይ በቋሚ አስረን፣ በዘንጉ ላይ ክር ጠምጥመን፣ 100 ግራም ክብደት ከ1.8 ሜትር ከፍታ በ20 ሴኮንድ እንዲወርድ ብናደርግ የሚሰጠው ኃይል ያን ያህል ነው። ነገር ግን ክብደቱ መጀመሪያ ገንዳው ባዶ ሳለ መፈተን አለበት፤ የዘንግ ሰበቃ በስኬል አይቀንስምና ካልተቀነሰ ውጤቱን ሁሉ ይበላዋል። ለገንዳ ሲባል ዓይናችሁ በቀሐ ወንዝ ወደሚሞላው ወደ ፋሲል መዋኛ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ያ ቦታ የጥምቀት ነው፤ ለእኛ በፕላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ገንዳ ይበቃናል።

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት የጋራ እምነት ልመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ልከውት ነበር፤ የተላኩት ባለሙያዎች ምጽዋ ደርሰው ቀሩ። ደርሰው ቢሆንስ? በደንገል ታንኳ ላይ ቦይለር መትከል ማለት በደረቅ ሣር ላይ እሳት ማንደድ ማለት ነው። ብዙ ኩንታል የሚመዝን ብረት በአንድ ቦታ ሲያርፍ እስሩን ይሰነጥቀዋል፤ የሞተሩ ንቅናቄም ገመዱን ያላላዋል። ስለዚህ የጎደለው ሞተር ብቻ አልነበረም። ከሞተሩ በፊት የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የታችኛው ዋልታ፣ ሚስማር፣ ዝፍትና ይህን ሁሉ የሚያቀናጅ የመርከብ አናጺ ያስፈልግ ነበር። ደንገሉ በሰው ክንድ ሲዞር የነበረውን መንኮራኩር የሚችል ምናልባትም ብቸኛው አካል ነበር። በዚህ ዓይን ስናየው፣ ታንኳው ግማሽ የቀረ የእንፋሎት መርከብ አይደለም፤ በእጅ ባለው ነገር የተደረገ ሙሉ ሙከራ ነው። ሙከራ ደግሞ ባይሳካም ያስተምራል፣ ውጤቱ ከተመዘገበ።

እዚህ ላይ በታሪኩ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ ሰዎች አሉ። በጣና ዙሪያ የደንገል ታንኳ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የተያያዘው ከነገደ ወይጦ ጋር ነው። ስለ ንጉሡ ሐሳብ መቶ ዓመት ከግማሽ ስንከራከር፣ ደንገልን የሚያስር እጅ ምን እንደሚያውቅ የጠየቅነው ጥቂት ጊዜ ነው። ቶር ሄየርዳል በ1969 (እ.ኤ.አ.) ራ የተባለችውን ጀልባ ለአትላንቲክ ሲያሠራ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበር። ዛሬ የደንገሉ ስፍራ በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። አንድ ለ4 የሚሆነውን ሞዴል ያለ ታንከኞቹ መሥራት አይቻልም፤ ስለዚህ እንደ ቀን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ አጥኚ ስማቸው በጥናቱ ላይ ሊሰፍር፣ ድርሻቸውም ሊከፈላቸው ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ከተማ አንድ ነገር ልበል። ታንኳው በተሠራበት ዓመት ማግሥት፣ በኅዳር 1859 ዓ.ም.፣ እኒሁ ንጉሥ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ። እኛ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ስናወራ ወይ ልጃችን ናቸው ብለን እንኮራለን ወይ ቤታችንን አቃጥለዋል ብለን እናዝናለን። ሁለቱም እውነት ነው። ሞዴሉ ይህን ክርክር አይፈታም፤ ሊፈታውም አይገባም። ሊያደርግ የሚችለው አንዲትን ትንሽ ጥያቄ ከሙገሳና ከፌዝ አውጥቶ ወደ ሚዛንና ወደ ሜትር ማምጣት ነው። ታሪካችንን ሁሉ እንዲህ ልንመረምረው አንችልም፤ የሚቻለውን ግን ሳንመረምር ብንተወው ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ሦስት አደራ አለኝ። የምሕንድስና ተማሪዎች የመንኮራኩሩን ጥልቀት በተለያየ ሸክም ለክታችሁ የማይሠራበትን ወሰን ጭምር አሳዩ። የታሪክ ተማሪዎች የብላንክን ገለጻ በዚያው ወቅት በንጉሡ ሰፈር ከነበሩት ከራሳምና ከሌሎቹ ጽሑፎች ጋር አመሳክሩ። ሁላችሁም በአንድነት ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ ደንገል ሲታሰር ከባለሙያዎቹ አጠገብ ተቀምጣችሁ ተማሩ። ሞዴሉ ቢሰምጥም የሰመጠበትን ምክንያት ጻፉ።