ተጫዋች የሌላቸው ሰዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከጨዋታ ክበባችን አባላት አንዱ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረገው ንግግር)



የምናገረው ስለ አንድ የጨዋታ ዓይነት ነው። ነገሩ በጨዋታ ቢጀምርም ፍጻሜው ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰንጠረዥን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በሰንጠረዥ ላይ ያለውን ፈረስ ወዴት መሄድ እንደሚወድ የሚጠይቀው የለም፤ ንጉሡም ሲከበብ ስለ ልጆቹ አያስብም። የእኛ ክበብ ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱም አንድ ባለታሪክ ይይዛል፤ አንዱ ወታደር፥ አንዷ ሐኪም፥ ሌላው ነጋዴ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ነው። መሪው ያለውን ሁኔታ ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲነሣ በየገጹ ቍጥር ያለበት ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ታሪኩም ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቀጥላል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ተጫዋች ያልያዛቸው ሰዎች አሉ። የከተማው በረኛ፥ እንጀራ ሻጪቱ፥ ጸሐፊው፥ የሽፍታው አለቃ፥ እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት በመሪው አፍ ነው። የዛሬው ንግግሬ መሪው እነዚህን ሰዎች እንዴት ማዘጋጀት እንደሚገባው ለመግለጽ ነው።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ ጥቂት ልናገር። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ሰው ለጓደኞቹ የናፖሊዮንን ዘመን የሚመለከት የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ስፍራው ብራውንስታይን የምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የጀርመን ከተማ ነበረች። ዌስሊ ሰዎቹን ሁሉ የጦር አዛዥ አላደረጋቸውም፤ ለአንዱ የከንቲባነት፥ ለአንዱ የባንክ ባለቤትነት፥ ለሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት ድርሻ ሰጣቸው። ለየድርሻውም የየራሱ ዓላማ ነበረው። ተጫዋቾቹ እየተነሡ በየጥጉ መመካከርና መደራደር ጀመሩ፤ ዌስሊም ጨዋታው የተበላሸ መሰለው። ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት። በእነዚያ ጨዋታዎች ከተካፈሉት አንዱ ዴቭ አርንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ብላክሙር የተባለውን ዓለም ፈጠረ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። የጦርነቱን ጨዋታ ወደ አዲስ ጨዋታ የለወጠው ሰይፉ ወይም መድፉ አልነበረም፤ ከንቲባውና የባንኩ ባለቤት የየራሳቸው ፍላጎት ያላቸው መሆናቸው ነው።

በ1974ቱ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ደንብ አለ። አንድ ፍጡር ወደ አገልግሎት እንዲገባ ሲጠየቅ ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይሶች ይጣላሉ። ድምሩ 2 ከሆነ ለማጥቃት ይነሣል፤ 12 ከሆነ በደስታ ይቀበላል፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ያመነታል። የሒሳብ መምህራኖቻችን እንዳስተማሩን፥ ሁለት ዳይሶች በ36 መንገድ ሊወድቁ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ 2 የሚሆነው 1 ጊዜ፥ 12 የሚሆነውም 1 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ6 እስከ 8 የሚሆነው ግን 16 ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚህ ደንብ ገና ሲያዩን ሊወጉን የሚነሡ ጥቂቶች ናቸው፤ ገና ሲያዩን የሚወዱንም ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ያመነታሉ፤ የምንናገረውንም ይጠብቃሉ። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ምሳሌ የማደርገው በግንብ የታጠረች ከተማ በረኛን ነው። አንድ መሪ በወረቀቱ ላይ «በረኛ፤ አላሳልፍም ይላል» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ሰው አልጻፈም፤ የጻፈው መዝጊያ ነው። ተጫዋቾቹም መዝጊያ ሲያዩ ወይ ይሰብሩታል፥ ወይ በገንዘብ ይከፍቱታል። በዚህ አይወቀሱም፤ ሌላ መንገድ አልተሰጣቸውምና።

ሁለተኛው መሪ ግን በትንሽ ካርድ ላይ አምስት መስመር ይጽፋል። ስሙ፤ ደምሴ። የሚፈልገው፤ ተረኛው ደርሶለት ወደ ታመመች ልጁ መሄድ። የሚፈራው፤ ከመሸ በኋላ በር የከፈተ ዘበኛ ከሥራ መባረሩን። የሚያውቀው፤ ትናንት ሌሊት በአለቃው ትእዛዝ አንድ ጋሪ ሳይፈተሽ መግባቱን። ልማዱ፤ ሲጨነቅ ቍልፉን በጣቱ ማሽከርከር።

ተጫዋቾቹ ወደ በሩ ሲደርሱ ነጋዴው ገንዘብ ቢያሳየው ደምሴ ይቈጣል፤ እንጀራውን ይፈራልና። ወታደሩ ቢያስፈራራው ይጮኻል። ሐኪሟ ግን ቍልፉ በጣቱ ሲዞር አይታ፥ «አባባ፥ ስምዎ ማን ይባላል? የተጨነቁ ይመስላሉ፤ ምን ሆነው ነው?» ብትለው ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ስለ ልጁ ይነግራታል፤ እርስዋም ልጅቱን ላያት ትለዋለች፤ ከዚያም ስለ ጋሪው ይሰማሉ። መሪው ይህን መንገድ አስቀድሞ መጻፍ አላስፈለገውም። የደምሴን ፍላጎትና ፍርሃት ስለሚያውቅ፥ የተጠየቀውን ሁሉ በደምሴ ልብ ሆኖ መመለስ ይችላል።

ስለዚህ መሪ ለመሆን ለምትፈልጉ ጓደኞቼ አራት ምክር አለኝ። አንደኛ፥ ንግግራቸውን አስቀድማችሁ አትጻፉ፤ ተጫዋቾቹ ያልጠበቃችሁትን ይጠይቃሉና። ሁለተኛ፥ ለአንድ ቀን ጨዋታ ሦስት ወይም አራት ሰው በደንብ ማዘጋጀት ይበቃል፤ ለቀሩት ግን የስም ዝርዝር በእጃችሁ ይኑር፤ ስም የሌለው ሰው ወዲያው ይረሳል። ሦስተኛ፥ ጨዋታው ሲያበቃ በካርዱ ጀርባ ተጫዋቾቹ ለዚያ ሰው ያደረጉትን መዝግቡ፤ የተረዳም የተበደለም ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ያስታውሳል። አራተኛ፥ ከእናንተ ሰዎች አንዱን ጀግና አድርጋችሁ የተጫዋቾቹን ሥራ አታሠሩት፤ መሪው ብቻውን ሲያወራና ሲያሸንፍ የሌሎቹ ድርሻ ማጨብጨብ ይሆናል።

ከወላጆች መካከል «ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ነውን?» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጨዋታው ትምህርትን ይተካል አልልም፤ የጥናት ሰዓት የሚበላ ከሆነም መቀነስ አለበት። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ካርድ ለመጻፍ የሚቀመጥ ተማሪ ራሱን ከሌላ ሰው ቦታ አስቀምጦ፥ ይህ ሰው ምን ይፈልጋል፥ ምንስ ይፈራል ብሎ መጠየቅ አለበት። ዘወትር ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ስንገባ ሰላም ሳንል የምናልፋቸው ሰዎች አሉ። ግቢውን የሚጠርጉ፥ ሻይ የሚያፈሉ፥ በሩን የሚጠብቁ ናቸው። በጨዋታው ላይ የበረኛውን ስም መጠየቅ የተማረ ተማሪ፥ በእውነተኛው በር ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ሊከብደው ይገባል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ ለአንድ ሰው ካርድ ጻፉ፤ ለንጉሡ ወይም ለጀግናው ሳይሆን፥ በታሪኩ ዳር ለቆመው ሰው ይሁን። ካርዳችሁንም ይዛችሁ ወደ ክበባችን ኑ፤ በጠረጴዛችን ዙሪያ ቦታ አለ።