መሰባሰባችን ወንጀል አይደለም







ዛሬ ልናወሳ የወደድነው ስለ መደራጀት ነው። መደራጀት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና በወጣትነታቸው፣ ወህይ ሳይወርድላቸው፣ በመካ በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው የሂልፈል ፉዱል ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል። ሰዎቹ የተሰባሰቡት የተበደለን ሰው ሐቅ ለማስመለስ ነበር። ነቢያችን በእስልምናም ዘመን ወደዚያ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸው ተዘግቧል።

በአገራችንም ሬሳ የሚነሳው በእድር፣ መስጂድ የሚሠራው በጀመዓ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ያዛል።

ታዲያ እኛ ምን አጠፋን? በ2004 በአወሊያ ተሰባስበን 17 ሰዎችን ወከልን። ጥያቄያችን ሦስት ብቻ ነበር፦ የአህባሽ አስተምህሮ በግዴታ መጫኑ ይቁም፤ መጅሊሱን ሕዝበ ሙስሊሙ ይምረጥ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ኮሚቴዎቻችን የሕዝቡን ፊርማ ይዘው የመንግሥትን በር አንኳኩ፤ ከባለሥልጣናት ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ። በሐምሌ ግን ታሰሩ፤ ቀጥሎም በጸረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። መጅሊሱን በመስጂዳችን እንምረጥ ብንልም ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ።

ይህ በሙስሊሙ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ፣ በ2011 እስኪሻር ድረስ ብዙዎቹን አሽመድምዶ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! ጉዳቱ በእስር ብቻ አያበቃም። እኛ በመድረሳ የምናስተምር ሰዎች በየቀኑ የምናየውን እንንገራችሁ። ድሮ የወላጆች ኮሚቴ ምረጡ ስንል እጅ ይበዛ ነበር። ዛሬ «ኮሚቴ» የሚለውን ቃል ስናነሳ አባቶች አንገታቸውን ይደፋሉ። ሥራው ምንጣፍ መግዛትና ለየቲም ልጆች ቂርኣት ማሟላት ነው፤ ለዚህም እንኳ ስሙን ማስመዝገብ የሚፈራው በዝቷል። በዳይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁላችንንም ማሰር አይችልም፤ እርስ በርስ ከተፈራራን ግን ማሰሩም አያስፈልገውም።

ስለዚህ አደራ እንላችኋለን። የመድረሳችሁን ኮሚቴ ምረጡ። ከእድራችሁ አትቅሩ። ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ሒሳቡን በጀመዓው ፊት አንብቡ፤ የምንደብቀው የለንምና። የቀድሞ ታሳሪዎችን ቤተሰቦች ዘይሩ። ይህን ሁሉ በሰላምና በሰብር እናድርግ፤ ማንም ጠጠር እንድናነሳ ቢገፋፋን አንስማው።

አላህ አንድነታችንን ይጠብቅልን። ኣሚን!

ድምፃችን ይሰማ!