በቆላው ማዕድ ላይ ለእንግዳ የሚጠቅሙ ቃላት



ከደጋ ወደ ነገሌ ቦረና፣ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ሞያሌ የሚመጣ እንግዳ በአማርኛ አዝዞ ለመብላት አይቸገርም። ስለዚህም አንዳንዱ ብዙ ዓመት ተቀምጦ አንዲት የአገሩን ቃል ሳያውቅ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ሆዱ ይጠግባል እንጂ ወዳጅ አያፈራም።

ከኦሮምኛ እንጀምር። እንግዳ ሲገባ ሰላምታው «ነጋ» ነው፤ ትርጓሜውም ሰላም ማለት ነው። ውሃ «ቢሻን»፣ ወተት «አናን»፣ ሥጋ «ፎን» ይባላል። ውሃ ስጠኝ ሲል «ቢሻን ና ኬኒ»፣ ዋጋ ሲጠይቅ «ሜቃ?»፣ ሲጠግብ «ቁፌ» ይበል። ምስጋና ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለእኩያ «ገለቶሚ»፣ ለሽማግሌ «ገለቶማ» ይባላል። አንተንና አንቱን ለይቶ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ይህን አላወቅሁም ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰው «ቡነ ቀላ» ከቀረበለት ደግሞ ምርቃቱ እስኪያልቅ ይታገሥ።

ሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ የተጋበዘ እንደ ሆነ ውሃ «ቢዮ»፣ ወተት «ዓኖ»፣ ሥጋ «ሂልብ»፣ ሻይ «ሻህ» ነው። ዋጋ «ዋ ኢሚሳ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ምስጋናውም «መሐድሰኒድ» ነው።

እነዚህ ጥቂት ቃላት ምን ያህል ይመዝናሉ የሚል ቢኖር ወደ ሩቅ አገር ይመልከት። ጃፓኖች ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ ማለት ነው። ሲጨርሱም «ጎቺሶሳማ» ብለው ያመሰግናሉ፤ በቃሉ ውስጥ ያለው «ቺሶ» ጥንተ ትርጉሙ መሮጥ፣ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ምስጋናው እንግዳውን ለማብላት ለተደረገው ድካም ነው።

በእኛስ ቆላ ድካሙ ያንሳልን? እንደ ዱብሉቅ ባሉ ጥልቅ የቦረና ኤላዎች ውስጥ ጎልማሶች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ለከብት ያወጣሉ። በጽዋ የሚቀርብልን ወተት ከዚህ ሁሉ ላብ በኋላ የተገኘ ነው። ታዲያ ጠጥቶ ዝም ብሎ መነሣት ከንፉግነት በቀር ምን ይባላል?

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ከመጽሐፍ የምንማረው የውጭ አገር ቋንቋ ሳይቀር፣ የጎረቤታችንንም ማዕድ ቋንቋ እንማር።